የጎንደር ደዋዮች፦ ስለ ደወልና ስለ ደዋይ ኑሮ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር «የአርባ አራቱ ታቦት አገር» ናት። እንዲህ ባለ ከተማ ደወል ሳይሰማ የሚነጋ ቀን የለም። ደወሉን ሁሉም ያውቀዋል። የደዋዩን ስም የሚያውቅ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ብዙም አይገኝም። እነዚህን ጥያቄዎች የሚያነሡት ባብዛኛው የሰፈር ሰዎች፣ ልጃቸውን ለአብነት ትምህርት የሰጡ ወላጆችና ውጭ አገር ያሉ ጎንደሬዎች ናቸው። የአደዋወል ልማድ ከደብር ደብር ይለያያል። እዚህ የሰፈረው አጠቃላዩ ነው፤ የአጥቢያችሁን ደንብ የደብሩን ንብረትና አገልግሎት የሚቆጣጠሩትን ቄሰ ገበዙን ብትጠይቁ ይሻላል።

ደወሉን የሚደውለው ማን ነው?

ባብዛኛው ዲያቆን ነው። አገልጋዮች በየሳምንቱ ተራ ይገባሉ፤ ተራ የደረሰው «ሰሞነኛ» ይባላል። ሰሞነኛ ዲያቆናት ለቅዳሴ የሚያስፈልገውን ሁሉ ያሰናዳሉ። ደወሉም በእነሱ እጅ ነው። ሰሞነኛው ከዘገየ በቅጥሩ ውስጥ የሚያድር የአብነት ተማሪ ገመዱን ይይዛል። አንዳንድ ደብር ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከደወሉ ሥር የኖሩ አባት አሉ። ጥበቃውን፣ በር መክፈቱንና ደወሉን አንድ ላይ ደርበው የያዙ። ሁሉንም ከላይ ሆነው የሚቆጣጠሩት ቄሰ ገበዙ ናቸው።

የጎንደር ነገር ከሌላው ከተማ ለየት ይላል። የበአታ ደብር የአቋቋም፣ ማለትም በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ የሚቀርበው ዜማ፣ ማስመስከሪያ ነው። መንበረ መንግሥት መድኃኔዓለም በመጻሕፍት ትርጓሜ የታወቀ ነው። ስለዚህ ተማሪው ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከትግራይ ይመጣል። ሰፈርተኛው «የእኛ ደወል» የሚለውን የሚደውለው ልጅ አምና ጎንደርን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ዛሬ እዚህ ደውሎ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሌላ ጉባኤ ቤት ይሄዳል። ደወሉ ይቀመጣል፤ ደዋዩ ያልፋል። የደዋዮችን ኑሮ ለመረዳት ይህን መያዝ ያስፈልጋል።

ለምን ለምን ይደወላል?

ሌሊት ለሰዓታትና ለማኅሌት ይደወላል። ንጋት ላይ ለኪዳን። የቅዳሴው እንደ ቀኑ ነው። እሑድ በጠዋት ነው፤ በጾም ወራት ደግሞ በአዘቦት ቀን እኩለ ቀን ገደማ ይሆናል። የደብሩ ወርኃዊ በዓል ሲሆን፣ ለምሳሌ በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም፣ በ27 የመድኃኔዓለም፣ የዚያ ደብር ደወል ከሌላው ቀን በርትቶ ይሰማል።

ደወል የሚጠራው ምእመኑን ብቻ ይመስለናል። ካህናቱንም ይጠራል። ቅዳሴ ቢያንስ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ይፈልጋል። ከአምስቱ አንዱ እንቅልፍ ቢጥለው ያ ደወል በቀጥታ ለእሱ ነው።

ደወልና ቃጭልን የሚያምታቱም አሉ። ቃጭል በቅዳሴው መሀል ዲያቆኑ በእጁ ይዞ የሚያሰማት ትንሿ ናት። ውጭ ከዛፍ ሥር የቆመ ሰው ውስጥ ምን ላይ እንደተደረሰ የሚያውቀው በእሷ ነው። ይህ ጽሑፍ ግን ስለ ውጭው፣ ስለ ትልቁ ደወል ነው።

የሐዘን ደወል ከቅዳሴው በምን ይለያል?

በአደዋወሉ። የቅዳሴ ደወል ይፈጥናል፤ አንዱ ከአንዱ ይያያዛል። የሐዘን ደወል ቀስ ይላል። አንዴ ይመታና ድምፁ እስኪያልቅ ይጠበቃል፤ ከዚያ ሌላው ይከተላል። መምታቱ ሳይሆን መጠበቁ ነው የሚከብደው ይላሉ ደዋዮች። ጀማሪ ልጅ ዝምታውን አይችለውም፤ ይቸኩላል።

ሞቱን ለሰፈሩ የሚያሰማው ባብዛኛው የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ነው። ጥሩንባው ሰውን ከቤቱ ያስወጣል፤ ደወሉ ሬሳውን ይቀበላል። በመሀል ያለው ሥራ ዛሬ በስልክ ያልቃል። የእድሩ ዳኛ ለቄሰ ገበዙ ይደውላሉ፣ ቄሰ ገበዙ ለሰሞነኛው። ልጁ ከቅጥሩ በር ላይ ዓይኑን ሳይነቅል ይጠብቃል። ቀድሞ ቢደውል ያሳፍራል፤ ዘግይቶ ቢደውል ለቤተሰቡ ቅሬታ ይሆናል።

ሰሙነ ሕማማት ለብቻው ነው። በዚያ ሳምንት ፍትሐት፣ ለሟች የሚደረገው ጸሎት፣ አይደረግም። በሳምንቱ ውስጥ ለሚያርፉት ሁሉ የሆሣዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ በአንድነት ይፈታል። ስለዚህ በሕማማት ሐዘን የደረሰበት ቤተሰብ «ለእኛ ሲሆን ለምን ቀረ?» ብሎ ካህናቱንም ደዋዩንም ባይቀየም ጥሩ ነው። ሥርዓቱ ለሁሉም አንድ ነው።

ያለ ሰዓቱ ደወል ስሰማ ምን ላድርግ?

ውጡና እዩ። ያለ ሰዓቱ የተደወለ ደወል የድረሱልን ጥሪ ነው። እሳት ሊሆን ይችላል፣ ሌባ ሊሆን ይችላል። በዚህ የተነሣ ነው ደዋዮች ከሁሉ በፊት የሚማሩት ነገር ደወል ቀልድ አለመሆኑ። ለጨዋታ ገመዱን የሳበ ልጅ ይቆጡታል፣ ከዚያም ረዘም ላለ ጊዜ ገመዱ አጠገብ አይደርስም። ጭካኔ ነው የሚል ካለ፣ ነጠላውን እንኳ ሳይለብስ በሌሊት ሮጦ የመጣን ሽማግሌ ፊት አንድ ጊዜ ይመልከት።

ለሠርግና ለክርስትናስ?

በብዙ ደብር የተለየ ደወል የለም። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ሥርዓቱ ከዕለቱ ቅዳሴ ጋር የተያያዘ ነው። ተክሊልም እንዲሁ። የጠዋቱ ደወል የእነሱም ደወል ሆነ ማለት ነው። የቀረውን እልልታ ይሞላዋል።

ልጃችን ደወል መደወል ሊጀምር ነው። ምን ማወቅ አለብን?

መጀመሪያ እንኳን ደስ አላችሁ። ለአንድ ትንሽ ልጅ ትልቅ ነገር ነው። ልጁ የደወለውን ሰፈር ሙሉ ይሰማዋል። ጀማሪን መደበቅ አይቻልም፤ እጁ ሲዝል ምቱ ይሰባበራል። ገና ከመኝታዋ ያልተነሣች እናት «ዛሬ ሌላ ልጅ ነው» ትላለች። ጓደኞቹም ቁርሱ ላይ አይምሩትም።

አሁን ወደ ሥራው። ከእንቅልፍ እንጀምር። በሌሊት የሚነሣ ልጅ ቀን ላይ ዜማውን መቀጸል (ደጋግሞ ማጥናት)፣ ዘመናዊ ትምህርት ቤትም ካለ ክፍል ውስጥ መቀመጥ አለበት። አንድ ልጅ ሰሞኑን ብቻውን እንዲይዝ አታድርጉ፤ ሁለት ሆነው ይፈራረቁ። አንዱ የስልክ አላርም ባይሰማ ሌላው ይሰማል።

ሁለተኛ፣ ጆሮ። ትልቅ ደወል ከሥሩ ሆነው ለረጅም ጊዜ ሲደውሉት የመስማት ችሎታን ይጎዳል። ጉዳቱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ከመጣ በኋላም አይመለስም። ከፋርማሲ የሚገዛ የጆሮ መድፈኛ ትንሽ ገንዘብ ነው። «ያለ ልማዳችን!» ብለው የሚስቁ ይኖራሉ። ይሳቁ። በስተርጅና «እህ? ምን አልክ?» እያሉ ከመኖር ይሻላል። መድፈኛ ካልተገኘ ገመዱን አርዝሞ ከደወሉ ራቅ ብሎ መቆም ብቻውን ለውጥ ያመጣል።

ሦስተኛ፣ መብረቅ። ከሰኔ እስከ መስከረም ጎንደር ላይ ምን ዓይነት ነጎድጓድ እንደሚወርድ ታውቃላችሁ። ደወሉ ያለው ወይ ከፍ ካለ ማማ ላይ ነው ወይ ከረጅም ዛፍ ላይ፤ ሁለቱም መብረቅ የሚወዳቸው ቦታዎች ናቸው። ድሮ በአውሮፓ ማዕበል ይበትናል ብለው በነጎድጓድ ሰዓት ደወል ሲደውሉ ብዙ ደዋዮች በመብረቅ ሞተዋል። ሰማዩ ሲያጉረመርም ልጁ ገመዱን ይልቀቅ። የደቂቃዎች መዘግየት ቅዳሴ አያስቀርም። ይህን አስቀድማችሁ ከቄሰ ገበዙ ጋር ተነጋገሩበት፤ ልጁ በራሱ ፈቃድ አልደውልም ለማለት ይፈራል።

አራተኛ፣ ገመዱ። በፀሐይ የነተበ ናይለን ሳይታሰብ ይበጠሳል። የደወሉ መስቀያም በየጊዜው ይታይ። ከደወሉ ትይዩ ከሥሩ መቆም አይገባም።

ለደዋዩስ ማን ይደውልለታል?

ይህን የሚጠይቁት ጥቂት ናቸው፤ ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ግን ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ደዋይ የሰፈሩን ሁሉ ቀን ይይዛል። የማን ልጅ ክርስትና እንደተነሣ፣ የማን አባት እንደተቀበሩ፣ የማን ተዝካር መቼ እንደሚውል ያውቃል። የእሱ ቀን ግን ዝም ብሎ ያልፋል። ቀን የለውም ማለት አይደለም። በቅጥሩ ውስጥ ላሉት የደዋይ ሕይወት ግልጽ የሆኑ ደረጃዎች አሉት።

አንደኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ሌሊት ብቻውን የደወለበት ነው። ከጎጆው እስከ ማማው ያለችው መንገድ አጭር ናት። ግን መቃብር መሀል ታልፋለች፤ ከቅጥሩ ጀርባ ደግሞ ጅብ ይጮኻል። ያቺን ሌሊት የማያስታውስ ደዋይ አላጋጠመኝም። ዛሬ ጢማቸው የሸበተ መሪጌታ እንኳ ስለ እሷ ሲጠየቁ ፈገግ ይላሉ።

ቀጥሎ ቁልፍ የተሰጠው ቀን አለ። የማማው ወይም የዕቃ ቤቱ ቁልፍ እጁ ላይ ሲወድቅ ልጁ ልጅ መሆኑ አበቃ። ከዚያ ድቁናው ይመጣል፤ ከጳጳስ እጅ ተቀብሎ ሲመለስ ያው ገመድ ነው የሚጠብቀው፣ አሁን ግን በማዕርግ ይስበዋል። ሌላ ልጅ ያስተማረበት ቀንም አለ። ቅስና የሚያስብ ከሆነ አስቀድሞ ያገባል፤ ሠርጉ ብዙ ጊዜ በትውልድ አገሩ ስለሚሆን የደወለላት ሰፈር አታየውም። በመጨረሻ ደግሞ የሚሄድበት ቀን አለ። አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ጠቅልሎ ወደሚቀጥለው መምህር ይነሣል። በማግስቱ ሌላ እጅ ይደውላል። ሰፈሩ «ዛሬ አደዋወሉ ተለየ» ይላል፤ ለምን እንደተለየ የሚጠይቅ ግን የለም።

ይህ መለወጥ አለበት ባይ ነኝ። ትልቅ ድግስ አያስፈልግም። ጽዋ ማኅበራችሁ ወይም ሰንበቴያችሁ ሲሰበሰብ የዓመቱን ደዋዮች በስም ጥሩ። የሚሄደውን ልጅ ጫማ ግዙለት፤ መንገዱ ሩቅ ነው። ድቁና ተቀብሎ ሲመለስ አጥር ላይ ቆማችሁ እልል በሉለት። ዕድሜያቸውን ሙሉ የደወሉ አባት ሲያርፉ ደግሞ ያስተማሯቸው ልጆች በየተራ ገመዱን እንዲይዙ ቄሰ ገበዙን ጠይቁ። ከሥርዓት ውጭ የሚጨመር ነገር የለውም፤ ደወሉ መደወሉ አይቀር፣ እጁ ግን የሚያውቃቸው ይሁን።

ሌላ አገር የደዋዮች ማኅበር አለ ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው፤ በተለይ እንግሊዝ። እዚያ ደወል መደወል የካህን ሥራ አይደለም፤ የሰፈር ሰው፣ አስተማሪውም፣ ነርሷም፣ ጡረተኛውም ተሰብስበው የሚያደርጉት ነገር ነው። በአንድ ማማ ላይ ስድስት ወይም ስምንት ደወል ይኖራል። እያንዳንዱ ትልቅ መንኮራኩር ላይ ታስሮ ሙሉ ዙር ይዞራል፤ ለአንድ ደወል አንድ ሰው። ዜማ አይጫወቱም። የደወሎቹን ቅደም ተከተል በየዙሩ ይቀያይሩታል፤ አንድ ጊዜ የመጣ ቅደም ተከተል እንዲደገም አይፈቀድም።

ትልቁ ፈተና ከ5,000 በላይ ቅያሬ ያለ ማቋረጥ መደወል ነው። ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ውኃ መጠጣት የለም፣ በሌላ ሰው መተካት የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል ተሠራ የሚባለው በ1715 እ.ኤ.አ. ኖርዊች ከተማ ነው። አጭሩ ደግሞ 1,250 ገደማ ቅያሬ አለው፤ ከአንድ ሰዓት በታች ያልቃል።

ወደ እኛ ጉዳይ የሚያመጣኝ ይህ ነው፦ እነዚህን የሚደውሉት ብዙ ጊዜ ለራሳቸው ሰዎች ነው። አንዷ ደዋይ 80 ዓመት ሞላት፣ ጓደኞቿ ይደውሉላታል። አንዱ አገባ፣ አንዷ ወለደች፣ ይደወላል። አንዱ ሲሞት ከደወሉ መምቻ በአንድ ወገን ቆዳ ያስሩበታል፤ አንዱ ምት ይጮኻል፣ ቀጣዩ እንደ ማስተጋባት ሆኖ ዝቅ ይላል። ማን የትኛውን ደወል እንደያዘና ለማን እንደተደወለ ይመዘግባሉ። ከ1911 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታተም መጽሔትም አላቸው።

እንደ እነሱ እንደውል ማለቴ አይደለም። የእኛ ደወል ለጸሎት ነው፣ ለሰው የልደት ቀን አይደወልም፤ ይህ ደግሞ ልክ ነው። ምዝገባው ግን ያስቀናል። በእኛ ደብሮች የአለቆች ስም ዝርዝር ይገኛል፤ የደዋዮች ግን አይጻፍም። አንድ ደብተር ገዝቶ «ከዚህ ሰሞን እስከዚህ ሰሞን እገሌ ደወለ» ብሎ መጻፍ ምን ይከብዳል? የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ይህን ሥራ በደስታ ይይዙታል።

በጥምቀት ደዋዮች በዓሉን ያያሉ?

ግማሹን ያያሉ። ጥር 10 ከተራ ነው። ታቦቱ ከመንበሩ ተነሥቶ ሲወጣ ደወሉ ያለ ዕረፍት ይደወላል። ያን ቀን የሚደውል ሰው ክንዱን ለሦስት ቀን አይረሳውም። ጉዞው ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ነው፤ ገንዳው ከቀሃ ወንዝ ውኃ ተሞልቶ ይጠብቃል። ካህናቱ በሙሉ ልብስ፣ ወጣቱ ምንጣፍ እየዘረጋ፣ ሰው እየጨፈረ ይወርዳል።

ደወሉ ግን አብሮ አይሄድም። ስለዚህ አንድ ሰው መቅረት አለበት። ማን ይቅር የሚለው ክርክር ከገና በፊት ይጀምራል። ዕጣ የሚጥሉ አሉ። «አምና እኔ ነበርኩ» የሚል አለ። ታሞ የሚገኝም አይጠፋም። አንዳንዱ ብልህ ሌሊቱን ጥምቀተ ባሕሩ ዘንድ አድሮ፣ ጠዋት ውኃው ሲባረክ ተረጭቶ፣ ከታቦቱ ቀድሞ በአቋራጭ ሮጦ ይመለሳል።

ጥር 11 መመለሻው ከባድ ነው። ታቦቱ መቼ እንደሚደርስ በሰዓት አይታወቅም፤ በየመንገዱ ይቆማል፣ ይዘመራል። የቀረው ልጅ ማማው ላይ ሆኖ ጆሮውን ይተክላል። ከበሮው ከየት በኩል እንደመጣ ይለያል። ዛሬ ስልክ አለ፣ «ፒያሳ ደርሰናል» የሚል ጓደኛ አይታጣም። የሚካኤል ደዋዮች ደግሞ አንድ ቀን ይጨምራሉ፤ የሚካኤል ታቦት የሚገባው ጥር 12 በቃና ዘገሊላ ነው። ተራው በደረሰበት ልጅ አትዘኑ። ሰው ሁሉ ታቦቱን ሸኝቶ ሲሄድ ባዶ ቅጥር ውስጥ የቀረው፣ ሲመለስ ደግሞ መጀመሪያ የሚቀበለው እሱ ነው። የመጣ እንጀራ ሁሉ አስቀድሞ የሚደርሰውም ለእሱ ነው፤ ከልምድ ነው የምናገረው።

ሌሊት የሩቅ ደብር ደወል ቅርብ ሆኖ የሚሰማኝ ለምንድን ነው?

ብዙ ሰው ተአምር አድርጎ ያወራዋል። አየሩ ነው። ሌሊት መሬቱ ሲቀዘቅዝ ከመሬቱ አጠገብ ያለው አየርም ይቀዘቅዛል፤ ከላይ ያለው ሞቅ ብሎ ይቀራል። ድምፅ በሞቀው አየር ይፈጥናል፤ ስለዚህ ወደ ላይ ከመበተን ይልቅ ወደ ታች ይታጠፍና ሩቅ ይደርሳል። ቀን ላይ ተቃራኒው ይሆናል። በዚያ ላይ ባጃጁ ገና አልተነሣም። ከአንገረብ ማዶ የተኛ ሰው የደብረ ብርሃን ሥላሴን ደወል እጎኑ ያለ ያህል ቢሰማው አይገርምም።

ድሮ ደወሉ ምን ነበር?

ድንጋይ። ጣና ላይ ባሉ ገዳማት ዛሬም የድንጋይ ደወል ታገኛላችሁ። ረዘም ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ በገመድ ይንጠለጠላል፤ በሌላ ድንጋይ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ሁሉም ድንጋይ አይሆንም፤ የሚጮኸውን ዓይነት መምረጥ ያስፈልጋል። የተቸገረ የገጠር ደብር ደግሞ የመኪና ቸርኬ ይሰቅላል። አትናቁት፤ በሥርዓት ከተመታ ሸለቆ ይሻገራል።

የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ንብረት ብዙ መከራ አይቷል። በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከተማዋን ሲዘርፉ የአብያተ ክርስቲያናቱ ንዋያት ወደ መቅደላ ተጓዙ። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ደርቡሾች (የሱዳን ማህዲስቶች) ገብተው አቃጠሉ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ያን ጊዜ ተረፈ፤ የንብ መንጋ ተነሥቶ ወራሪውን አባረረው ይላሉ አባቶች።

በድምፅ ማጉያ የተቀዳ ደወል ቢለቀቅ አይበቃም?

አይበቃም። መብራት ሲጠፋ እሱም ይጠፋል። ሌላም ምክንያት አለ፦ የተቀዳው ለሐዘንም ለደስታም አንድ ነው፣ ሰው አይጠብቅም፣ አይቸኩልም። ድምፁ በዝቶ የሚያማርር ጎረቤት ካለ ደግሞ፣ ቅሬታው አብዛኛውን ጊዜ በሞንታርቦው (በድምፅ ማጉያው) ላይ እንጂ በደወሉ ላይ አይደለም። ሕፃን ወይም ሕመምተኛ ያለበት ቤት ቄሰ ገበዙን በትሕትና ቢያነጋግር መፍትሔ አይጠፋም።

ውጭ አገር ነኝ። ለደብራችን ደወል ገዝቼ መላክ እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

ከመግዛት በፊት ደውሉና ጠይቁ። ደወል አለን፣ የቸገረን ጣሪያ ነው የሚል ሰበካ ጉባኤ ብዙ ነው። ደወል ያስፈልጋል ከተባለ የመጀመሪያው ጉዳይ ክብደት ነው። ጥሩ ደወል የነሐስ ነው፤ መዳብና ቆርቆሮ ተቀላቅሎ የሚቀለጥ። አፉ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ደወል 130 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አፉ 1 ሜትር ከሆነ ግን ከ600 ኪሎ ይበልጣል። ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ክብደቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ለዓይን ያማረውን ትልቁን ገዝቶ የሚሸከም ማማ ሳይኖር ቀርቶ፣ ደወል መሬት ተቀምጦ ዝናብ ሲመታው ማየት ያሳዝናል። ማማውን መሐንዲስ ይየው።

ጉምሩኩንም አስቀድማችሁ በሀገረ ስብከቱ በኩል ጨርሱ። ዕቃው መጋዘን ከገባ በኋላ ደብዳቤ ማሯሯጥ ዋጋው ብዙ ነው።

አሮጌ ደወል ከገዛችሁ ስንጥቅ አለመኖሩን እርግጠኛ ሁኑ። አንጠልጥሉና በእንጨት መዶሻ ቀስ አድርጋችሁ ምቱት። የተሰነጠቀ ደወል አይዘልቅም፤ ድምፁ ወዲያው ይሞታል። በተራ ብየዳ አይድንም፣ እንዲያውም ይብሳል። ደህናውንም ደወል ደዋዮች በብረት መዶሻ ከውጭ እንዳይመቱት ንገሯቸው፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው።

ከደወሉ ጋር በዚያው ሳጥን የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ፦ ሁለት ተለዋጭ ገመድ፣ ለሰሞነኞቹ የጆሮ መድፈኛ፣ ጥሩ የእጅ ባትሪ፣ ለሌሊት የሚሆን ወፍራም ጋቢ። ደወሉ ላይ የለጋሹን ስም አስቀርጹ የሚል ዘመድ ይኖራችኋል። ስሙን ተዉትና ለዚያ የሚወጣውን ገንዘብ ለልጆቹ ድርጎ (የዕለት ቀለብ) ጨምሩት።